ከቦንዳ የወጣ የስኪ ዕቃ፦ ድሬ ላይ የትኛው ይፈተናል፣ የትኛውስ አይፈተንም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ነው? እኔ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሰልባጅ እሸጣለሁ። በቅርቡ ያስፈታሁት ቦንዳ ውስጥ የበረዶ ስፖርት ዕቃ በብዛት ወጣልኝ። ወፍራም ጃኬትና ሱሪ፣ ትልልቅ መነጽር፣ ጓንት፣ አምስት ሄልሜት፣ ጀርባ ላይ የሚታጠቅ ጠንካራ ሰሌዳም አለበት። ጃኬቶቹን ጋራ ሙለታ ሊወጡ ያሰቡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ጠይቀውኛል። አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ ለትምህርት ኦስትሪያ ልትሄድ ነው፤ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተት፣ እማራለሁ ብላለች። ሄልሜቶቹን ዕቃ የሚያደርሱ ባለሞተሮች ይፈልጓቸዋል። አቦ፣ የማይሠራ ነገር ሸጬ ሰው እንዲጎዳ ወላሂ አልፈልግም። በረዶ በሌለበት አገር ይህን ዕቃ እንዴት ልፈትነው? ጋራ ሙለታ ይዤው ብወጣ ይታወቃል?»

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ለዓመታት በአልፕስ ተራሮች የክረምት ስፖርት ልብስና መከላከያ ከሚፈትሽ ቡድን ጋር ሠርቻለሁ። አሁን ኑሮዬ ሐረር ነው። በረዶውንም የድሬን ሙቀትም አውቃቸዋለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ልብሱን አብዛኛውን እዚሁ መፈተን ትችላለህ። ውሃ፣ እስትንፋስህ፣ ፍሪጅና ጋራ ሙለታ ይበቁሃል። ሄልሜቱን ግን አንተም እኔም ልንፈትነው አንችልም። ሄልሜት የሚፈተነው ተመትቶ ነው፤ ከተመታ በኋላ ደግሞ ለጭንቅላት አይሆንም። ጃኬት ቢያታልልህ ትረጥባለህ፣ ይበርድሃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታውቀዋለህ። ሄልሜት ማታለሉ የሚታወቀው ሰው በወደቀ ቀን ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓይን አትያቸው።

የሚያስቸኩለው ሄልሜቱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የስኪ ሄልሜት ውስጡን ጨርቁን አንሥተህ ብታየው ነጭ ወይም ጥቁር ፎም አለው። አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ፎም ነው፤ የሄልሜቱ ግን ጠጠር ያለ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ላይ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ሹል ነገር እንዳያልፍና ፎሙ እንዳይበታተን ይይዛል። ሰው ሲወድቅ ፎሙ ይደቃል። በሚደቅበት ጊዜ የግጭቱን ኃይል ይቀበላል፤ ጭንቅላቱ ድንገት ከመቆም ይልቅ በትንሹም ቢሆን ቀስ ብሎ ይቆማል። የደቀቀ ፎም ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ሰውየው ሌላ ቀን በዚያው በኩል ቢወድቅ የሚደቅለት ነገር የለም።

አውሮፓ ውስጥ የስኪ ሄልሜት የሚለካበት ደረጃ ኢኤን 1077 ይባላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሄልሜቱን በሰው ጭንቅላት ቅርጽ ለተሠራ ከባድ ነገር ያለብሱታል። ውስጡ ጭንቅላቱ ምን ያህል በድንገት እንደሚቆም የሚለካ መሣሪያ አለ። ከዚያ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ብረት ላይ ይለቁታል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው መጠን ከመሬት ስበት 250 እጥፍ መብለጥ የለበትም። አንዳንዶቹን ከመጣላቸው በፊት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ድረስ ያቀዘቅዟቸዋል። ብርድ ፕላስቲክን ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ ነው። ሹል ብረትም ይለቁባቸዋል። ፈተናውን ያለፈው ሄልሜት ራሱ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ሱቅ የሚገባው ከሱ ጋር አብሮ የተሠራው፣ አንድም ጊዜ ያልተመታው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ። ሻጭ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወርውሮ «አየህ፣ ምንም አልሆነም!» ሲል ታይ ይሆናል። ለገዢው ጥንካሬውን ማሳየቱ ነው። ላይኛው ፕላስቲክ እውነትም ምንም አይሆንም። ውስጥ ያለው ፎም ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ በጨርቁ ተሸፍኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ማሳያ ደህናውን ሄልሜት ያበላሸዋል።

አንተ ያገኘሃቸው አምስቱ ሄልሜቶች ምን እንዳሳለፉ ማወቅ አይቻልም። ምናልባት ባለቤቱ ስለጠበበው ሰጥቶት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ክፉኛ ወድቆበት፣ አዲስ ገዝቶ፣ አሮጌውን ወደ እርዳታ ሣጥን ጥሎት ይሆናል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። በዚያ ላይ መንገዱ አለ። ዕቃው በኮንቴይነር ሙቀት ታሽቶ መጥቷል። አንተም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ታስቀምጠው ይሆናል። ሙቀት ፎሙንም ሙጫውንም ያደክማል። ብዙ አምራቾች ሳይመታም ቢሆን በ5 ዓመት ገደማ ቀይሩት ይላሉ። የተሠራበት ዓመት ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ጨርቁ ሥር ታትሞ ወይም ተለጥፎ ይገኛል፤ ፈልገው።

ለባለሞተሮቹ ደግሞ አዲስም ቢሆን አትሽጥላቸው። የሞተር ሄልሜት የሚፈተነው በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 ነው። እዚያ ዋናው የግጭት ፍጥነት በሰከንድ 7.5 ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የግጭት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ የሞተሩ ሄልሜት ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል መቻል አለበት ማለት ነው። የስኪ ሄልሜት አገጭን አይሸፍንም። አስፋልት ላይ መንሸራተትን አስቦ የተሠራም አይደለም። ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ የሚወርድ ልጅ ያንን አድርጎ «ሄልሜት አለኝ» ብሎ ቢተማመን የሚጠብቀውን ጥበቃ አያገኝም። ምናልባትም ያለ ሄልሜት ከሚሄደው የበለጠ ይፈጥናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሄልሜቱ ውስጥ ስስ ቢጫ ፕላስቲክ ካየህ ሚፕስ የሚባለው ነው። ስዊድን ውስጥ የተፈጠረ ሲሆን ጭንቅላት በጎን ሲመታ የሚመጣውን መዞር ለመቀነስ ትንሽ ይንሸራተታል። ላላ ብሎ ቢታይህ ተፈጥሮው ነው።

ገንዘብ እንደሚያጎድልብህ አውቃለሁ። አምስት ሄልሜት ለአንድ ነጋዴ ቀላል አይደለም። አንድ ሐሳብ ልስጥህ። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቀህ ሱቅህ ላይ ስቀለው። ደንበኛ ፎሙን፣ ውፍረቱን፣ ፕላስቲኩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያያል። ባለሞተሮቹ ለምን እንደከለከልካቸው በቃል ከምታስረዳ ይሄ ይበልጣል። የቀሩትን ከመጣልህ በፊት ማሰሪያቸውን ቁረጠው። ሌላ ሰው ከቆሻሻ አንሥቶ እንዳይሸጣቸው ነው።

የጀርባው ሰሌዳ ጉዳይ ይለያል፤ እዚህ ላይ መልካም ዜና አለኝ። የስኪ ሰዎች የሚታጠቁት የጀርባ መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለሞተረኞች በወጣው ደረጃ ነው፤ ኢኤን 1621-2 ይባላል። 1621-2 የሚለውን ቁጥር ምልክቱ ላይ ካገኘህ ለባለሞተርም ይሆናል ማለት ነው። አጠገቡ 1 ወይም 2 የሚል ደረጃ ይጻፋል። በፈተናው ሰሌዳውን መትተው ከሥሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚያልፍ ይለካሉ። ለደረጃ 1 በአማካይ እስከ 18 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ይፈቀዳል፤ ለደረጃ 2 እስከ 9 ብቻ። ደረጃ 2 ካገኘህ ዋጋውን ከፍ አድርግ፤ ይገባዋል።

ሁለት ዓይነት ይወጣልሃል። አንደኛው ከላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሥር ፎም ያለው ነው። ስንጥቅ ካለው፣ ወይም የፕላስቲክ ሰሌዳዎቹን የሚያያይዘው ምስማር ከላላ አትሽጠው። ሁለተኛው ለስላሳ ነው። በእጅህ ስትጫነው ይታጠፋል፣ ድንገት ሲመታ ግን ይጠነክራል። ይህኛው ቀላል ምት ችሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ በዚህ ከሄልሜት ፎም ይሻላል። በአውራ ጣትህ ተጫነውና ልቀቀው። ጉድጓዱ ካልሞላ፣ ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ አርጅቷል። ገዢው አንድ ነገር ይወቅ። የጀርባ ሰሌዳ ቀጥተኛ ምትን ይቀንሳል፤ ወገብ ሲጠመዘዝ ወይም ሲታጠፍ የሚመጣ ጉዳትን አያስቀርም።

አሁን ወደ ልብሱ። ደስ የሚለው ክፍል እዚህ ነው።

ጃኬቱን በመጀመሪያ ገልብጠው። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ስፌቶቹ ላይ ከውስጥ በኩል ስስ ፕላስቲክ ቴፕ ተለጥፎባቸዋል። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያስገባልና ነው። ቴፑ ተነሥቶ ከሆነ እዚያ ጋ ይገባል። ቴፕ የተለጠፈው ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ከሆነ ጃኬቱ ለደረቅ በረዶ እንጂ ለሐምሌ ዝናብ አልታሰበም። ገበር ካለው በኪሱ ቀዳዳ ወይም በእጅጌው ጫፍ በኩል አጮልቀህ እይ። ውስጡ እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር የሚያራግፍ ከሆነ፣ ወይም እጅህ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ሽፋኑ ሞቷል። እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ፕላስቲኩ ራሱ ይበሰብሳል። እሱን የሚያድን እጥበት የለም። ለጠዋት ብርድ ሽጠው፤ «ውሃ አያስገባም» ግን አትበል።

ቀጥሎ አፍህን ጨርቁ ላይ ገጥመህ ንፋ። አየር ወዲያ ማዶ ካለፈ ንፋስም ያልፋል። ጥሩ ሽፋን ያለው ጨርቅ እስትንፋስህን ይመልስብሃል።

ከዚያ ውሃ። ጃኬቱ ላይ አንድ እፍኝ ውሃ አፍስስ። ውሃው ጠብታ ሆኖ ከተንከባለለ የላይኛው ቅባት አለ። ጨርቁ ጠቁሮ ከጠጣው ቅባቱ አልቋል። ይህ ማለት ያስገባል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስገባቱን ለማወቅ ጨርቁን አፉ ሰፊ በሆነ ጣሳ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አድርገህ በላስቲክ እሰረው። ስርጉዱ ላይ ውሃ ሙላበትና አንድ ሰዓት ተወው። ከሥሩ ጣሳው ደረቅ ከሆነ ጎበዝ ነው። ስፌት ያለበትን ቦታ ለብቻው እንደዚሁ ሞክር።

ጃኬቱ ላይ 10,000 ወይም 20,000 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ታያለህ። የውሃ ዓምድ በሚሊሜትር ነው። 10,000 ማለት ጨርቁ አዲስ ሳለ የ10 ሜትር ውሃ ጫና ችሏል ማለት ነው። ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይጫንም። የሚጫነው ሰው ነው። እርጥብ በረዶ ላይ ስትቀመጥ ወይም ስትንበረከክ ውሃውን በክብደትህ ወደ ጨርቁ ትገፋዋለህ። ስኖውቦርድ፣ ማለትም በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ የሚማር ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በቂጡ ነው የሚቀመጠው። ሱሪውን ስትፈትን ቂጡንና ጉልበቱን ፈትን። የቀረው ብዙም አያሳስብም።

የሚጠጣውን ጃኬት ቶሎ አትጣለው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቆሻሻና የሳሙና ቅሪት ነው። በኦሞ የታጠበ ጃኬት ቅሪቱ ላዩ ላይ ይቀርና ውሃ ይስባል። ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠበው። ከዚያ ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ደጋግመህ አለቅልቀው። በረኪና አታስጠጋው፤ የልብስ ማለስለሻም አታድርግበት። ከደረቀ በኋላ ምልክቱ መተኮስ ከፈቀደ፣ ስስ ጨርቅ ደርበህ በዝቅተኛ ካውያ ተኩሰው። የቀረ ቅባት ካለ ሙቀቱ ያነቃዋል። ውሃው እንደገና ሲንከባለል ታያለህ። ደንበኛ ፊት ብታደርገው ጃኬቱ ራሱን ይሸጣል።

ልብስ ሰፊዎችን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። እዚህ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስኪ ጃኬት ሲስተካከል አያለሁ። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ግን ይህ ልብስ አዲስ ነገር ይሆንባቸዋል። ወገቡ ላይ ከውስጥ ላስቲክ ያለው አጭር ቀሚስ የሚመስል ነገር አለ። ብዙ ሰው «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ያስቆርጠዋል። ሰው ሲወድቅ በረዶ ከታች ወደ ሆዱ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ሱሪው ጫፍ ላይም ቦቱን የሚያቅፍ ሌላ ውስጣዊ ላስቲክ አለ። ብብት ሥር ያለው ዚፕ ላብ ማስወጫ ነው። ግራ እጅጌ ላይ ያለችው ትንሽ ኪስ የስኪ ቦታው መግቢያ ካርድ የሚቀመጥባት ናት። እነዚህ ሁሉ ይቆዩ። የተቀደደ ካለ በመርፌ ከመስፋት ከውስጥ የሚጣበቅ ልጣፍ ይሻላል። እያንዳንዱ መርፌ አዲስ ቀዳዳ ነው።

ጃኬት ለብሰህ ሱቅ ውስጥ ቆመህ «አላበኝ፣ አያስተነፍስም» አትበል። እነዚህ ሽፋኖች የላብ እንፋሎት የሚያሳልፉት ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጪው ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው። ድሬ ላይ ቀትር ላይ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱን የሚገፋው ነገር የለም። ምርጡም ጃኬት እዚያ ያፍናል።

ስስና ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የበረዶ ልብስ ከወጣልህ ደግሞ ሴት ልጅ የምትለብሰው ታይት ነው ብለህ አትጣለው። የአገር አቋራጭ ስኪ ልብስ ሊሆን ይችላል። በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚህ ስፖርት ነው። እዚያ ስፖርተኛው ሜዳና ዳገት ላይ በራሱ ጉልበት ስለሚገፋ እንደ ሯጭ ይሞቃል። ወፍራም ልብስ ያሰቃየዋል። ማለዳ ለሚሮጡ የድሬ ልጆች ሽጠው፤ ይወዱታል።

አሁን ጋራ ሙለታ። ልጆቹ ሊወጡ ካሰቡ አብረሃቸው ሂድ፤ ወይም የምልህን ንገራቸውና እነሱ ይፈትኑልህ።

ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሂንተርቱክስ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ በበረዶ ግግር ላይ ስኪ የሚጫወቱበት ቦታ ከፍተኛው ጫፉ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ የኛው ይበልጣል። ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ጋራ ሙለታ ጫፍ ላይ ከድሬ 13 ወይም 14 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ድሬ 30 ከሆነች እዚያ 16 ነው። ይህ ለጃኬት ብርድ አይደለም። ስለዚህ ጋራ ሙለታ የጃኬቱን ሙቀት አይፈትንልህም። የሚፈትንልህ ውሃውን፣ ንፋሱንና ላቡን ነው። እነዚህን ግን በደንብ ይፈትናል። እንዲያውም ዝናብ ከደረቅ በረዶ ይከብዳል። ደረቅ በረዶ ከጃኬት ላይ ይራገፋል፤ ዝናብ ግን ቀዳዳ ይፈልጋል። የጋራ ሙለታን ዝናብና ጉም ለሁለት ሰዓት የቻለ ጃኬት ለአልፕስ ደረቅ በረዶ አያንስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመውጣትህ በፊት ሶፍት አጥፈህ ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ደረት ዚፕ ሥርና ኪሶቹ ውስጥ አድርግ። ስትመለስ የትኛው እንደረጠበ እይ። ዚፕ ሥርና ትከሻ ስፌት ላይ ያለው ከረጠበ ጃኬቱ አስገብቷል። ጀርባና ብብት ከረጠበ ያንተ ላብ ነው። ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ ደህና ጃኬት ይሰድባሉ። ከውስጥ ጥጥ ካናቴራ አትልበስ፤ ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዛል፣ ከዚያ ብርዱን በጃኬቱ ታሳብባለህ። ቦንዳህ ውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ካናቴራ አይጠፋም።

ሁለት ጃኬት የምታወዳድር ከሆነ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም እየቀያየረ ይልበሳቸው። አንዱን አንተ፣ ሌላውን ጓደኛህ ብትለብሱት የምታወዳድሩት ሰው ነው እንጂ ጃኬት አይደለም። አንዱ ሰው ቶሎ ያልበዋል፣ ሌላው ቶሎ ይበርደዋል። እኛም አልፕስ ላይ ይህን ሕግ በጥብቅ ነበር የምንከተለው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ፈተና ይህ ነው። ዳገቱን ሳታርፍ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት ውጣ። ከዚያ ንፋስ የሚያገኝህ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ተቀመጥ። ስኪ የሚጫወት ሰው ቀኑ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ያልበዋል። ከዚያ በሽቦ በሚጓዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ሲመለስ ንፋስ ይመታዋል። ላቡን ያላስወጣ ጃኬት የሚጋለጠው በዚያ ሩብ ሰዓት ነው። ጀርባህ ላይ ቀዝቃዛ እርጥበት ከተሰማህ ያ ጃኬት ለስኪ ደካማ ነው። ንፋሱን አትናቀው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ንፋስ ሲነፍስ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው።

ጋራ ሙለታ ከራቀባቸው ቁንዱዶ አለ። ቁመቱ ያንሳል፤ አናቱ ግን ሜዳ ስለሆነ ንፋስ አይጠፋም። በሁለቱም ተራራ የአካባቢው ሰው መንገድ ያሳያቸው። መብረቅ ካለ ፈተናው ይቅር፣ ይውረዱ።

ብርዱን ራሱን ለመፈተን ፍሪጅ ተጠቀም። የሥጋ ወይም የአይስክሬም ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጓንቱን፣ መነጽሩን፣ የጃኬቱን ዚፕ ያለበትን ክፍል በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለህ አሳድረው። ጠዋት እንዳወጣኸው ጓንት አድርገህ ዚፑን ክፈትና ዝጋ፣ ማሰሪያዎቹን ቆልፍና ፍታ። ያረጀ ፕላስቲክ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ተራራ ላይ ከሚሰበር ታይዋን ላይ ይሰበር።

መነጽሩን ከፍሪጅ አውጥተህ ወዲያው አታድርገው። ሞቃቱ የድሬ አየር ላዩ ላይ ውሃ ያቆማል፤ የመነጽሩ ጥፋት አይደለም። እስኪሞቅ ጠብቅና የውስጡን መስታወት በቅርብ እፍ በልበት። ጉሙ ከቆየ የውስጥ ቅባቱ አልቋል። ቅባቱን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በጨርቅ መወልወል ነው፤ ስለዚህ ውስጡን አትወልውል። ጥሩ የስኪ መነጽር ሁለት መስታወት አለው። በሁለቱ መካከል እርጥበት ከገባ አይድንም። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ የሚፈረፈር ከሆነም እንዲሁ።

የመነጽሩን ጥቁረት በኤስ ፊደልና ከ0 እስከ 4 ባለው ቁጥር ይጽፉታል። 3 ለጠራራ ፀሐይ ነው። 4 ብርሃኑን ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ያሳልፋል፤ መኪናም ሞተርም ለመንዳት አይፈቀድም። 1 ለጉምና ለደመና ነው። ባለሞተሮቹ መነጽሩንም መጠየቃቸው አይቀርም። አቧራ ይከላከልላቸዋል፤ ግን 0 ወይም 1 የሚለውን ብቻ ስጣቸው፣ ማታ ደግሞ በ0 ብቻ ይንዱ። ለበረዶ ግን መነጽር ቅንጦት አይደለም። አዲስ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ዓይን ይልካል። ያለ መነጽር የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥለዋል።

የስኪ ቦት ከወጣልህ አትሽጠው። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን እግር ላይ እንዳለ ይፈረካከሳል።

ወደ ኦስትሪያ ለምትሄደው ልጅ እንዲህ በላት። ጃኬት፣ ሱሪ፣ ጓንትና ካናቴራ ፈትነህ ሽጥላት። እዚያ ከምታወጣው በጣም ያንሳል፤ ጥራቱም አያሳፍርም። መነጽር አንድ ይበቃታል፤ 2 የሚለውን ምረጥላት። ጃኬቷ ላይ ሬኮ የሚል ትንሽ ምልክት ከተሰፋበት አትፍቱት። ባትሪ የለውም፤ ነፍስ አድን ሠራተኞች በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው በመሣሪያ ሲፈልጉ ምልክት ይመልሳል። ከተከለለው የስኪ ሜዳ ውጪ ለመውጣት ግን ፈቃድ አይሆናትም፤ እዚያ የሚወጣ ሰው የራሱን ሲግናል የሚልክ መሣሪያ ይይዛል።

ስኪ ትታ ስኖውቦርድ ከመረጠች የእጅ አንጓ መከላከያ ትግዛ። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሆነ ቶሎ የሚሰበረው አንጓ ነው። ሄልሜቱን፣ ቦቱንና ስኪውን እዚያው ትከራይ። ሱቁ ክብደቷን፣ ቁመቷን፣ ዕድሜዋንና ችሎታዋን ይጠይቃታል። ቦቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ቁልፍ በስንት ጫና መለቀቅ እንዳለበት የሚያወጡት ከነዚያና ከቦቱ ሶል ርዝመት ነው። ክብደቷን ቀንሳ አትንገራቸው፤ ጎበዝ ነኝም አትበል። ቁልፉ በጣም ከላላ ሳትወድቅ ይለቃታል፤ በጣም ከጠበቀ ወድቃም አይለቃትም፣ ያኔ ጉልበቷ ይጠመዘዛል። ጓደኛ «ላስተካክልልሽ» ቢላት እንኳ ወደ ሱቁ ትመለስ፤ ባለሙያው ያስተካክልላት።